የክሩ እጥፋት ያዛል ወይስ ያግዛል?

የአይጥ ጽንስ እግር እንዲያወጣ ሶኒክ ሄጅሆግ የተባለው ጂን በሰዓቱ መነሣት አለበት። የሚቀሰቅሰው የዲኤንኤ ቁራጭ ግን ከጎኑ የለም፤ አንድ ሚሊዮን ፊደል ያህል ርቆ በሌላ ጂን ውስጥ ተቀምጧል። የጃፓን ተመራማሪዎች በ2005 ይህን ቁራጭ ብቻ ቆርጠው ሲያወጡ የአይጦቹ እግሮች ጫፍ ሳይበቅል ቀረ።

ታዲያ ቀስቃሹ ያን ሁሉ ርቀት እንዴት ይሻገራል? ሁለት ሜትር የሚሆነው የሰው ዲኤንኤ በዓይን በማትታይ ኒውክለስ ውስጥ የሚኖረው ታጥፎ ነው። ኮሄሲን የተባለው ፕሮቲን የዲኤንኤውን ክር እየሳበ ቀለበት ያወጣል፤ ሲቲሲኤፍ የተባለው ደግሞ ቀለበቱ የት እንደሚቆም ይወስናል። ክሮሞሶሙ በዚህ መንገድ ወሰን ባላቸው ሰፈሮች ይከፈላል፤ በክሩ ላይ የተራራቁትም በሰፈራቸው ውስጥ ይገናኛሉ።

እጥፋቱ አዛዥ ነው ለማለት የበርሊኑ የሽቴፋን ሙንድሎስ ቡድን የ2015 ሥራ በቂ መሰለኝ። ጣታቸው አጥሮ በተወለዱ ሰዎች ላይ፣ ኢፒኤችኤ4 የተባለው ጂን ከሰፈሩ ወሰን ጋር አብሮ ጠፍቶ ነበር። ቀስቃሾቹም ተሻግረው ፓክስ3 የተባለውን ጎረቤት ጂን ያለቦታው አስነሡት። በአይጥ ላይ ጂኑ ተቆርጦ ወሰኑ ሲተው ግን ጣቶቹ ደህና ሆኑ።

በ2017 የኤሬዝ ሊበርማን ኤይደን ቡድን በሰው የአንጀት ካንሰር ሕዋሳት ውስጥ ኮሄሲንን በሰዓታት ውስጥ አጠፋው። ቀለበቶቹ ተፈቱ፤ የአብዛኞቹ ጂኖች ሥራ ግን እምብዛም አልተለወጠም። አዛዥ ያልኩት ጠፍቶ ሥራው ከቀጠለ፣ ቀድሞስ ምን ያዝ ነበር?

ወደ ሕዋሳቱ ተመለስኩ። እነዚያ ጂኖቻቸውን አስቀድመው ያስነሡ ናቸው፤ በጽንስ ውስጥ ግን ጂን እንደ አዲስ ይነሣል። ልዩነቱ ከባድ መሆኑን በ2018 የለንደን ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናት ያሳያል፦ ኮሄሲን ያጡ የመከላከያ ሕዋሳት ነባር ጂኖቻቸውን በአብዛኛው እንደያዙ ቆዩ፤ የባክቴሪያ ምልክት ሲደርሳቸው ግን የሚያስፈልጉትን አዳዲስ ጂኖች በሚገባ ማስነሣት አቃታቸው። እኔን ያሳመነኝ ይህ ነው። እጥፋቱ የተነሣውን ጂን ከማቆየት ይልቅ ያልተነሣው ከማን ጋር እንደሚገናኝ ይወስናል።

ይህም ቢሆን ሙሉ መልስ አይደለም። ያው የበርሊን ቡድን በ2019 ሶክስ9 የተባለውን ጂን ከጎረቤቱ ጂን ከኬሲኤንጄ2 የሚለየውን ወሰን በአይጥ ላይ ሲያጠፋ ብዙም የተለወጠ ነገር አልነበረም፤ ክሩን ገልብጦ ወሰኑን ሲያዛውር ግን ቀስቃሾቹ ወደ ኬሲኤንጄ2 ዞሩ። ፓክስ3 ወሰኑ ሲጠፋ ወዲያው የታዘዘው፣ ኬሲኤንጄ2 ግን ዝም ያለው ለምንድን ነው? ቀጥሎ መመርመር ያለበት የተቀስቃሹ ጂን የራሱ ጠባይ ይመስለኛል።