ሳይተዋወቁ ስለሚነገር ፍቅር

በታች ጋይንት፣ ስሟን ከገበያዋ ቀን ባገኘችው በአርብ ገበያ፣ ከየአጥቢያው የመጣው ሕዝብ በሚገናኝበት ዕለት፣ አንድ ጎረምሳ ጌሾ ዘርግታ ከተቀመጠች ልጅ ፊት ቆሞ፣ የማይገዛውን ጌሾ ዋጋ ደጋግሞ ጠይቆ፣ ቅጠሉንም በጣቱ አሽቶ ካሸተተ በኋላ፣ ስሟን እንኳ ገና ሳያውቅ «ካላንቺ መኖር አልችልም» ቢላት፣ ይህ ሰው ዋሽቷል ማለት ነውን፣ ወይስ እውነቱን ተናግሮ ጊዜውን ብቻ ስቷል?

እኔ ሐሰተኛ ነው ለማለት አልደፍርም። ያዕቆብ ራሔልን በውኃው ጕድጓድ አጠገብ ባያት በመጀመሪያይቱ ቀን ስሟት አልቅሷልና (መሳሙ የዘመድ ነው የሚል ቢኖር አልከራከርም)፣ ፍቅር በአንድ ቀን አይወለድም የሚል ሰው ሙግቱ ከኦሪት ዘፍጥረት ጋር ነው። ነገር ግን ያዕቆብ አሳቡን የገለጠው በአባትዋ በላባ ቤት አንድ ወር ያህል ተቀምጦ ስለ ደመወዙ በተጠየቀ ጊዜ ነው፤ ከገለጠም በኋላ ሰባት ዓመት በጎች እየጠበቀ ተገዛላት። የዳዊት ልጅ አምኖን በአንጻሩ፣ ስለ እኅቱ ስለ ትዕማር እስኪታመም ከከሳ በኋላ፣ ለንጉሡ እንዲነግርና እንዲታገሥ ራስዋ ትዕማር ብትለምነው እንቢ ብሎ ፈቃደ ሥጋውን ፈጸመ፤ ወዲያውም ጥላቻው ከቀደመው ፍቅሩ በልጦ አስወጥቶ በሩን አዘጋባት። ልዩነታቸው ያዕቆብ ናፍቆቱን ራሱ ተሸክሞ ሲኖር አምኖን በትዕማር ላይ በማራገፉ ነው።

የጥድፊያ ቃል ነውሩም እዚህ ላይ ነው። «ካላንቺ አልኖርም» የተባለች ልጅ ሳትበደር ባለዕዳ ትሆናለች፤ እሺ ብትል የማታውቀውን ሰው ተቀበለች፣ እንቢ ብትል ጨካኝ ተባለች። «የት ታውቀኛለህ?» ብላ ብትመልስ ኰርታ አይደለም፤ ጎረምሳው የወደደው ኅሊናው የሣለውን መልክ ነውና፤ ስትቈጣ፣ ስትታመም፣ ከእናትዋ ጋር ስትከራከር አላያትም። በዚያው በጋይንት ምድር፣ ድጓ በሚመሰከርበት በቤተ ልሔም፣ በማሕሌት ሌሊት የያሬድን ዜማ ሰምቶ ያነባ አዲስ ተማሪ ልቡ መነካቱ እውነት ቢሆንም፣ ድጓ ዐዋቂ ነው የሚለው መምህር የለም፤ ቁራሽ እየለመነ፣ ምልክቱን አንድ ባንድ እያጠና፣ ዓመታት አሳልፎ ገና ሊያስመሰክር ነው።

አበው ይህን ስለሚያውቁ፣ ሽማግሌ መላክን፣ ሰባት ቤት መቍጠርን፣ በፍትሐ ነገሥትም ከጋብቻ በፊት የተደነገገውን መተጫጨት፣ በወንዱ ናፍቆትና በሠርጉ መካከል አቆሙ። ይሁን እንጂ የቀድሞውን ዘመን አሳምሬ አላወራም፤ ያ ሁሉ ፋታ የተሰጠው ለአባትዋና ለዘመዶችዋ ነበረ እንጂ ለእርስዋ አልነበረም፤ በብዙ ቤት ልጂቱ የምትሰማው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። ዛሬ ደግሞ ሽማግሌው ቀርቶ መልእክቱ በዚያው ማታ በስልኳ ሲደርሳት፣ መልሱ በእጅዋ መግባቱ ታላቅ ነገር ሆኖ ሳለ፣ ፋታው ከአባትዋም ከእርስዋም ተወስዷል።

እንግዲያስ ስንት ሳምንት ይበቃል? ቍጥር ከሚሹት ጋር አልስማማም። ስለ ፍቅር ከተጻፉት ቅዱሳት መጻሕፍት ሁሉ ይልቅ የሚነደው መኃልየ መኃልይ እንኳ፣ የኢየሩሳሌምን ቈነጃጅት ፍቅርን ያለ ጊዜው እንዳይቀሰቅሱት ሦስት ጊዜ ሲያምላቸው፣ ቀኑን አይቈርጥም፤ ውሳኔውን ለፍቅሩ ለራሱ ይተዋል። ይህም ለወንዱ የከበደ ሕግ ነው፤ የራሱ ፍቅር የነቃበትን ሰዓት ቢያውቅም፣ የእርስዋ ነቅቶ እንደ ሆነ ከእርስዋ በቀር የሚነግረው የለምና።