ለሽቶው ምትክ ተገኘ፤ ለሰውየውስ?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ጅማ አካባቢ ከአንድ ገበሬ ቤት አድሬ ነበር። ከመኖሪያው አጠገብ ባለች ጢስ የሞላባት ጎጆ ውስጥ፣ ለመዞር እንኳ በማይበቃ የእንጨት ማጎሪያ፣ አንድ ጥርኝ ተዘግቶበታል። ሽማግሌው በየአሥር ቀኑ ገደማ እንስሳውን አስይዘው ከጅራቱ ሥር ካለው ዕጢ ዝባዱን ይፍቃሉ።

«አባቴ፣ አያሳዝንዎትም?» አልኋቸው።

«ልጆቼን ያስተማረው እሱ ነው» አሉኝ። ፈረንጆች መዓዛውን በፋብሪካ መሥራታቸውንም ሰምተው ኖሮ፣ «ለሽቶው ምትክ ተገኘ፤ ለእኔስ?» ሲሉ ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም።

ነገሩ ሰንብቷል። ለዝባድ መዓዛውን የሚሰጠውን ሲቬቶን የተባለ ንጥረ ነገር ቅንብር ኬሚስቱ ሊዮፖልድ ሩዚችካ የገለጸው በ1926 እ.ኤ.አ. ነው። የሻኔል ኩባንያም «ቁጥር 5» በተባለው ሽቶው ከ1998 እ.ኤ.አ. ወዲህ የሚጠቀመው በሰው ሠራሹ መሆኑን አስታውቋል። ጥርኝ ዘሩ ሊጠፋ የተቃረበ እንስሳ አይደለም፤ ክርክሩ ስለ ስቃዩ ነበር። ምትኩም ሠመረ። ለምን ቢባል፣ ሽቶ ገዢው የሚሻው መዓዛውን እንጂ እንስሳውን አይደለምና።

በአውራሪስ ቀንድ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ቀንዱ እንደ ጥፍራችን ከኬራቲን የተሠራ ነው። ዓለም አቀፍ ንግዱ ከ1977 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቢታገድም አደኑ አልቆመም። ስለዚህ በ2015 እ.ኤ.አ. ፔምቢየንት የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ቀንዱን በቤተ ሙከራ ለመሥራት ተነሣ። በ2019 እ.ኤ.አ. ደግሞ የኦክስፎርድና የፉዳን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከፈረስ ጭራ ተመሳሳዩን ሠሩ። ደጋፊዎች «ገበያውን በአስመሳዩ እናጥለቅልቀው፤ ዋጋው ሲወድቅ አዳኙ ይከስራል» ይላሉ። ተቃዋሚዎች ደግሞ «እውነተኛው በአስመሳዩ ጀርባ ተደብቆ ያልፋል፤ አዲስ ገዢም ይፈጠራል» ብለው ይሠጋሉ።

በበኩሌ ከሁለቱም አስቀድሞ የሚመጣ ጥያቄ አለ እላለሁ፤ ለመሆኑ ገዢው የሚገዛው ምንድን ነው? በቬትናም የአውራሪስ ቀንድ ለመድኃኒትነት ብቻ ሳይሆን ባለጸጎች የሚሰጣጡት የክብር ገጸ በረከትም ሆኗል። ውድነቱና ብርቅነቱ ራሱ ሸቀጥ ነው። በአገራችን አንበሳ ገድሎ ጎፈር የደፋ ጀግና፣ «ያው ጠጉር ነው» ተብሎ የፍየል ጠጉር ቢሰጡት ይቀበል ነበርን? ምትክ ጥቅምን ይተካል እንጂ ክብርን አይተካም። እንግዲህ ሕጉም ይህን መለየት አለበት። የሚፈለገው ጥቅም ከሆነ ለምትኩ በሩ ይከፈት። የሚፈለገው ክብር ከሆነ ግን አስመሳዩም እንደ እውነተኛው ይከልከል፤ ወይም በማያሻማ ምልክት ይለይ።

ይህን ከጻፍሁ በኋላ እንኳ የሽማግሌው ጥያቄ አልለቀቀኝም። ጥርኙን ከማጎሪያው የሚያወጣው የሕሊናችን መንቃት ብቻ ቢሆን ኖሮ ስንት ዘመን ይጠብቅ ነበር? ምሕረት ያደረግንለት ምሕረቱ ምንም የማያስከፍለን በሆነ ጊዜ ነው። ሽቶው እንደ ወትሮው ይሸታል፤ ገዢው ከጥፋት ነጻ ሆኗል፤ እንስሳውም ቢያርፍ ደስ ይለኛል። ዋጋውን የሚከፍሉት ግን ሽቶውን አንድም ቀን ተቀብተው የማያውቁት ሽማግሌ ናቸው።

ደግነታችን በሌላ ሰው ኪሳራ የተገኘ እንደሆነ ዕዳ አለብን ማለት ነው። ለመዓዛው ምትክ ለመፈለግ ያን ያህል ዕውቀትና ገንዘብ ካፈሰስን፣ ለእንጀራቸው ምትክ ለመፈለግ ጥቂቱን እንኳ ያላፈሰስነው ስለምን ነው? ፍርዱን ለአንባቢ እተወዋለሁ።