ቀብድህን ቢበላ ስሙን አትብላ

ልጄ፣ ትናንት ማታ ስልክህን አውጥተህ ያሳየኸኝን ነገር ሳስብ አደርኩ። የበር ሠሪው ፎቶ፤ ግንባሩ ላይ በቀይ «ሌባ» ተብሎ ተጽፏል፤ ከሥሩ ስልክ ቁጥሩና የሚሠራበት ሰፈር። «ጋሼ፣ በቴሌግራም ልለቀው ነው፤ ሮቤ ሁሉ ይወቀው» አልከኝ። ሻይ ጠጣ ብዬ አዘገየሁህ እንጂ መልስ አልሰጠሁህም።

መበደልህን አልክድም። በመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ በኩል የሠራኸውን የኪራይ ክፍል ሄጄ አይቼዋለሁ። ግድግዳው ቆሟል፣ ቆርቆሮው ተመቷል፤ በርና መስኮቱ ግን በማዳበሪያ ከረጢት ተጋርዷል። ሰውየው በሁለት ሳምንት አስረክባለሁ ብሎ አርባ ሺህ ብር ተቀበለህ፣ ይኸው አራተኛ ወሩን ይዟል። የሮቤን ብርድ ደግሞ ከረጢት አይመልሰውም፤ ተከራይ አይቶ ቢመለስ አልፈርድበትም።

ዝም በልም አልልህም። ስንዴ ታጭዶ ከሲናናና ከአጋርፋ ገበሬ ገንዘቡን ይዞ ሲመጣ፣ ቆርቆሮ ገዝቶ፣ በር አዝዞ ሊመለስ ነው። ያ ሰው ነገ አንተ በገባህበት በር ይገባል። አይቶ ዝም ያለ ጎረቤቱን አስበላ። ክፋቱ መናገርህ ላይ አይደለም፤ ያንን አንድ ቃል መምረጥህ ላይ ነው። ቃሉን ደግሞ እኔም ብዬው አውቃለሁ።

ጎባ የባሌ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ በነበረችበት ዘመን፣ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ወጣት ጸሐፊ ነበርኩ። ለሠርጌ ቁምሳጥን አዘዝኩ። አናጺው ገንዘቡን ወሰደ፣ ሠርጉ አለፈ፣ ቁምሳጥኑ የለም። አንድ እሑድ ዕድር ተሰብስቦ ሳለ ብድግ አልኩና «ይህ ሰው ሌባ ነው፣ ማንም ሥራ እንዳይሰጠው» አልኩ። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ? በሳምንቱ መጥሪያ ደረሰኝ። መጥሪያውን የጻፈው ከጎኔ የሚቀመጠው ባልደረባዬ ነው፤ ሲሰጠኝ ዓይኔን ላለማየት ጣሪያ ጣሪያ ያያል።

ዳኛው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ። «ምን ሰረቀህ?»

«ገንዘቤን።»

«ገንዘቡንማ ራስህ ቆጥረህ ሰጠኸው።»

የምመልሰው አጣሁ። ሌባ ማለት ሳትሰጠው የወሰደ ነው። ሰጥተኸው ያልሠራልህ ሰው ውል አፍራሽ ነው። አታላይ ልትለው ብትፈልግ ደግሞ፣ ከመነሻው ሊያጭበረብርህ አስቦ በሐሰት ቃል እንደወሰደብህ ማስረዳት ይኖርብሃል። በኋላ ሽማግሌ ገባ፤ በዚያው ዕድር፣ በዚያው ሰው ፊት ቆሜ ይቅርታ ጠየቅሁ። ሚስቱ ታማ ሆስፒታል ለሆስፒታል ሲንከራተት እንደከረመም የዚያን ቀን ሰማሁ። ቁምሳጥኑ መጣ። በሩ እስከ ዛሬ ዘመም ብሎ ነው የሚገጥመው። «በሩ ዘሟል» ስል ግን ማንም ከሶኝ አያውቅም፤ መጥቶ ማየት ይችላል።

አሁን ሕጉን ልንገርህ፤ ዕድሜዬን ሙሉ መዝገብ ያገላበጥኩት ለከንቱ አይደለም። ሰው ሁሉ «እውነት ከተናገርኩ ምን ያመጣብኛል?» ይላል። ያመጣል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 613 የሰውየውን ክብር ለመጉዳት አስበህ ለሦስተኛ ሰው ከተናገርህ፣ ያልኸው እውነት ቢሆን እንኳ እስከ ስድስት ወር ቀላል እስራት ወይም መቀጮ አለው ይላል። ሐሰት መሆኑን እያወቅህ ከሆነማ ይብሳል። እውነትነቱ የሚያድንህ ለሕዝብ ጥቅም ብለህ መናገርህንም አብረህ ስታስረዳ ነው። ቀይ ቀለምና «ሌባ» የሚል ጽሑፍ ለሕዝብ ጥቅም ነው ብለህ የትኛው ዳኛ ፊት ትቆማለህ? የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም በካሳ በኩል ይመጣብሃል። በዚያ በኩል እውነትህን ካስረዳህ ነፃ ትወጣለህ፤ ሰውየውን ለመጉዳት ብቻ መናገርህ ከታወቀ ግን እውነቱም አያወጣህም።

ስልኩ ደግሞ ከአፍ የባሰ ነው። በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 መሠረት የሰውን ክብር የሚያጎድፍ ጽሑፍ ወይም ምስል በኮምፒዩተር ሥርዓት ያሰራጨ፣ ተበዳዩ ካመለከተ እስከ ሦስት ዓመት እስራት ይደርስበታል። ስልክህም በዚያ ውስጥ ነው። በ2013 የወጣው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ በጋዜጣና በሬዲዮ የሚደረገውን ስም ማጥፋት ከወንጀልነት አውጥቶታል፤ አንተ ግን ጋዜጣ አይደለህም። አባቶች «ካፍ ከወጣ አፋፍ» ያሉት ቴሌግራምን ሳያዩ ነው። በአንተ ጽሑፍ ላይ ሌላው ስድብ ይጨምራል፣ ሦስተኛው ልጆቹን ያነሳል፣ አራተኛው ብሔሩንና ሃይማኖቱን። ማታ የለቀቅኸውን ጠዋት ብታጠፋው ሰው ስልክ ውስጥ ቀርቷል። ደግሞ አስብ፤ ከሳሽ የነበርከው አንተ ተከሳሽ ስትሆን አርባ ሺህ ብሩን የሚጠይቅልህ ማን ነው?

«ታዲያ ለጎረቤት እንዴት ልናገር?» ትለኛለህ። ሠሪ ፈልጎ የሚጠይቅህ ሰው ሲመጣ የሆነውን ንገረው። «በዚህ ቀን ይህን ያህል ሰጠሁት፣ በዚህ ቀን አስረክባለሁ ብሎ ፈረመ፣ እስከ ዛሬ አላስረከበኝም፤ ወረቀቱ ይኸው።» ከዚያ በላይ አንድ ቃል አትጨምር። ስለ መጠጡ፣ ስለ ትዳሩ፣ ስለ አባቱ የሰማኸውን ተወው። ሰው ሲታማ ለኔ ብለህ ስማ። ነገ ካስረከበህ ደግሞ ያንንም ተናገር፤ እሱን የሚረሳ ብዙ ነው።

ወረቀቱን ስላነሳሁ፣ ደረሰኝህ ላይ ምን ተብሎ እንደተጻፈ አይተሃል? «ቀብድ» የሚል ከሆነ፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ሌላ ስምምነት ከሌላችሁ በቀር ቀብድ ተቀባይ ውሉን ከተወ እጥፉን እንዲመልስ ያዝዛል፤ ሰጪው ከተወ ደግሞ ቀብዱ ይቀርበታል። «ቅድመ ክፍያ» ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ለሚመጣው ሥራህም ያዝ፤ የሕንፃ ተቋራጭ ለሠራው ቤት ጥንካሬ ካስረከበበት ቀን ጀምሮ ለ10 ዓመት ዋስ ነው፣ አንቀጽ 3039። ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ ግድግዳው ሲሰነጠቅ ዕጣ ፈንታዬ ነው ብሎ ይለስናል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል፤ እጅ መጨባበጥ ደስ ይላል፣ ግን አይነበብም። አንተስ ክፍሉ ዝናብ እንዳይገባበት ተቻኩለህ የመጀመሪያውን በያጅ አልያዝክም? ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። አልቆጣህም፤ ግን አልዋሽህም።

መንገዱ ይህ ነው። መጀመሪያ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ስጠው፤ ሕጉም ውል አልፈጸመልኝም ከማለትህ በፊት ይህን ይጠብቅብሃል። ቀን ቁረጥለት፣ ቅጂውን አስቀር፣ ሁለት ሰው እማኝ ይሁን። ፈቃድ ያለው ከሆነ ለከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት አመልክት። ከዚያ ሽማግሌ፤ ጃርሱማ፣ የሽማግሌ እርቅ ማለት ነው፣ በባሌ ከፍርድ ቤት ይቀድማል። በኦሮሚያ በአዋጅ ቁጥር 240/2013 የባህል ፍርድ ቤቶች ሕጋዊ እውቅና ስላገኙ፣ ሁለታችሁም ከተስማማችሁ እዚያ መቅረብ ትችላላችሁ። እንቢ ካለ መደበኛው ፍርድ ቤት አለ። እዚያ ደግሞ አንድ ነገር አለልህ፦ በችሎት ፊት ለክርክሩ የምትናገረው በስም ማጥፋት አያስጠይቅህም፣ ሕጉ ከለላ ሰጥቶታል። በቴሌግራም ልትጮኸው የነበረውን እዚያ በግልጽ ተናገረው።

ሰውየውን አውቀዋለሁ ልበልህ? ወንድሙን አውቀዋለሁ። ጠርቼዋለሁ፤ ሐሙስ ጠዋት ሁለቱም እዚህ ይመጣሉ። ፎቶውን አሁኑኑ አጥፋና ደረሰኙን ይዘህ ከሦስት ሰዓት በፊት ድረስ።