ገንዘቡ በሒሳብሽ ስለገባ ያንቺ አይሆንም

ልጄ፣ ከዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ተመርቀሽ ሥራ ይዘሻልና የመጀመሪያው ደመወዝሽ ሳይገባ የምነግርሽ አለኝ።

ባንክ መምረጡ ብዙ አያስጨንቅሽ። ደመወዝ የሚገባበትን ባንክ አብዛኛውን ጊዜ መሥሪያ ቤትሽ ይወስንልሻል። ብሔራዊ ባንክ ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ 7 በመቶ ስላደረገው በወለድ በኩል ልዩነቱ ጥቂት ነው። ይልቅ እናትሽና አባትሽ ገበያ ሲወጡ የሚቀርባቸው ቅርንጫፍ የማን እንደሆነ እዪ፤ ሆሳዕናና ዱራሜ ያለው ባንክ ሁሉ ገጠር አልወረደም። ሁለተኛ ሒሳብ በሌላ ባንክ ክፈቺና ቁጠባሽን ካርድ ሳትወስጂ እዚያ አኑሪ።

እኔን የሚያሰጋኝ የሌለሽን ብር ማውጣት ነው። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ተዛብቶ ሰዎች በሒሳባቸው ከነበረው በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው በየዩኒቨርሲቲው ግቢ በስልክ ተዛመተ፤ ተማሪው በውድቅት ኤቲኤም ላይ ተሰለፈ። የተንቀሳቀሰው 801 ሚሊዮን ብር ገደማ መሆኑን ባንኩ ገልጿል። ብዙዎቹ መለሱ፤ ካልመለሱት የብዙዎቹን ስም ባንኩ ከነፎቶግራፋቸው ይፋ አደረገ። ገና ሥራ ሳይዙ ስማቸው በአደባባይ መውጣቱ እስካሁን ያሳዝነኛል። ያን ሌሊት አንድ ታላቅ ሰው «ልጆች፣ ይሄ የሰው ገንዘብ ነው፤ ግቡና ተኙ» ብሏቸው ቢሆን ኖሮ እላለሁ።

የተፈቀደውም ቢሆን ዕዳ ነው። ባንክ ኦቨርድራፍት፣ ማለትም ከሒሳብ በላይ የማውጣት ፈቃድ፣ የሚሰጠው በአብዛኛው ተንቀሳቃሽ ሒሳብ ላለውና ማስያዣ ላቀረበ ነጋዴ ነው፤ ለደመወዝተኛ ግን በስልኩ መጥቶለታል። ኢትዮ ቴሌኮም ከዳሸን ባንክ ጋር በ2014 ዓ.ም. የጀመረው የቴሌብር «እንደኪሴ» ስትከፍዪ የጎደለውን ይሞላልሻል፤ ከነአገልግሎት ክፍያው ትመልሻለሽ። ሌሊት ለታመመ መድኃኒት ብትገዢበት አልቃወምም። ለልብስና ለጫማ ከሆነ ግን የመጪውን ወር ደመወዝ ከአሁኑ እየበላሽው ነው፤ ኮስት ሼሪንጉም ገና ይቆረጥበታል። ነገ ነግደሽ ቼክ የምትጽፊ ከሆነም ይህን ያዢ፦ ደረቅ ቼክ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 ያሳስራል።

አሁን የእኛን አገር ጉዳይ ልንገርሽ። ከሀዲያና ከከምባታ ልጁ ወይም ወንድሙ ደቡብ አፍሪካ የሌለ ቤተሰብ ማግኘት ይከብዳል። እዚያ በሱቅ ለፍተው ያገኙትን ራንድ ለአንድ ሰው ይሰጣሉ፤ እዚህ ሌላ ሰው ብሩን በሒሳብ ያስገባል። ታዲያ አንድ ቀን የምታከብሪው ዘመድ መጥቶ «ሒሳብሽን ለጥቂት ቀን ልጠቀምበት፣ ኮሚሽን አስብልሻለሁ» ይልሻል። ወንድምሽ ለእናትሽ የላከው አንድ ነገር ነው፤ የማታውቂያቸው ሰዎች ገንዘብ በስምሽ ሲመላለስ ግን ያለፈቃድ የሚካሄድ ሐዋላ ተካፋይ ሆነሻል። ሒሳቡ ቢታገድ ደመወዝሽም አብሮ ይታገዳል፤ ተጠርቶ ምንጩን የሚጠየቀው እሱ ሳይሆን ባለስሟ አንቺ ነሽ። በእኛ ዘንድ ታላቅን እምቢ ማለት እንደሚከብድ አውቃለሁ። ስለዚህ አትሟገቺው፤ «ጋሼ፣ የመሥሪያ ቤቴ ደመወዝ ብቻ ነው የሚገባበት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» በዪና ቡና አፍዪለት። ቅር ቢለው ሽማግሌ ያስታርቃችኋል።

የምስጢር ቁጥርሽንም ለእጮኛሽ ቢሆን አትስጪ። ባንክ ስትሄጂ ደግሞ ከመፈረምሽ በፊት የሚቆረጠውን ክፍያ ሁሉ አስቆጥሪ፤ ያልገባሽ ካለ ወረቀቱን ይዘሽ ወደ እኔ ነዪ፣ አብረን እናነበዋለን።