ነቅቶ ስለ መጠበቅ

ባሕር ማዶ፣ ነጂው እጁን ከመሪው ላይ አንሥቶ የሚቀመጥበት መኪና ወጥቷል። ጄኔራል ሞተርስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2017 ዓ.ም. እንዲህ ያለውን ለገበያ አቀረበ። መኪናው አስቀድሞ ካርታው በተነሣለት አውራ ጎዳና ላይ ራሱን ይመራል፤ ትንሽ ካሜራ ደግሞ የነጂውን ዓይን ትመለከታለች። ነጂው ዓይኑን ከመንገዱ ቢያነሣ መሪው ላይ ያለ መብራት ያስጠነቅቀዋል፤ ቸል ቢል በመጨረሻ መኪናው ዝግ ብሎ ይቆማል። አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ይህን ሰምቶ፣ «እጄን ካሳረፈው ዓይኔን ለምን አያሳርፈውም? ሰውን እንደ ሕፃን መጠበቅስ ክብሩን መንካት አይደለምን?» ሲል ጠየቀኝ።

እኔ ዕድሜዬን በአስተማሪነት ነው የጨረስሁት። ጠመኔ ይዤ ቀኑን ሙሉ ስቆም ያልመጣብኝ እንቅልፍ፣ ፈተና ለመጠበቅ ወንበር ላይ ስቀመጥ በግማሽ ሰዓት ይመጣብኝ ነበር። ሰው የሚሠራው ነገር ሲኖረው ይነቃል፤ ሌላው ሲሠራ ዝም ብለህ ተመልከት ቢሉት ግን ሐሳቡ ይሸሻል። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያሳደጉን መምህራን እንዲህ ያለውን እንቅልፍ እንደ ኃጢአት ይቈጥሩት ነበር፤ በበኩሌ ፍርዱ የከበደ ይመስለኛል።

ነሐሴ 9 ቀን 2014 ዓ.ም. ከካርቱም ወደ አዲስ አበባ ይመጣ የነበረ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን፣ መውረድ ሲገባው ሳይወርድ በ37,000 ጫማ ከፍታ ከማረፊያው በላይ አልፎ ሄደ። ሁለቱም አብራሪዎች አንቀላፍተው ነበር ተብሎ ተዘገበ። አውሮፕላኑን የሚመራው መሣሪያ የታዘዘውን ከፍታ ጠብቆ ይሄድ ነበር፤ ውረድ የሚለው ሰው አልነበረምና አልወረደም። የቀሰቀሳቸውም መሣሪያው ሥራውን ሲለቅ የጮኸው ደወል ነው ተባለ። በደኅና ዐረፉ፤ ጉዳዩ እስኪጣራም ከበረራ ታገዱ። በእነርሱ የሳቀ ብዙ ሰው ነበር፤ እኔ ግን አልሳቅሁም።

ከብዙ ዓመት በፊት ከቴፒ ወደ ሚዛን በቡና ጭነት መኪና፣ ጋቢና ተቀምጬ ስመጣ ጊዜው መሽቶ ነበር። ረዳቱ ታሞ ቴፒ ቀርቷል። ሾፌሩም፣ «እንግዲህ ጋሼ፣ የዛሬው ረዳት እርስዎ ነዎት፤ ዝም እንዳይሉብኝ» አለኝ። የረዳት ሥራ ጎማ መለወጥና ሒሳብ መቀበል ብቻ የሚመስለው ብዙ ነው፤ በሌሊት ግን ዋናው ሥራው ሾፌሩን ማጫወት ነው። እስከ ሸኮ ድረስ ስለ ቡና ዋጋና ስለ ልጆቹ ትምህርት አወራን። ከሸኮ ወዲህ ዝናብ ጀመረ፤ እኔም «ሾፌሩ ነቅቷል» ብዬ ዓይኔን ጨፈንሁ። እርሱም «መምህሩ አሉ» ብሎ ይሆናል። የነቃሁት የቡና ቅርንጫፍ መስተዋቱን ሲሰብረው ነው። እኛ ተረፍን፤ ከጭነቱ ላይ የነበረ አንድ ወጣት ግን እግሩ ተሰበረ። ፖሊስ ሾፌሩን መረመረ፤ እኔን የጠየቀኝ የለም።

ስለዚህ ለተማሪዬ እንዲህ አልሁት፦ ያ ሾፌር «ዝም አይበሉብኝ» ሲል ራሱን አላዋረደም፤ ድካሙን ማወቁ ክብሩ ነበር። ተመልካቿም ካሜራ ክብርህን አትነካም። አባቴ ከገበያ ሲመለስ በበቅሎው ላይ ያንቀላፋ ነበር፤ በቅሎዋ ግን ገደሉን ለራስዋም ትፈራዋለች። መኪናው የሚፈራው ነገር የለም፤ ስለዚህ ያንተ ዓይን ማረፍ አይችልም።

ይሁን እንጂ ነጂውን ብቻ መውቀስ አይሆንልኝም። መጋቢት 9 ቀን 2010 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በአሪዞና፣ ራሱን ለመንዳት ይሞከር የነበረ የኡበር ኩባንያ መኪና መንገድ የምታቋርጥ ሴት ገጭቶ ገደለ። መኪናውን እንድትጠብቅ የተቀመጠችው ሠራተኛ በዚያ ጊዜ ስልኳን ትመለከት ነበር ተባለ። እርስዋ ተከሰሰች፤ ጥፋቷንም አምና ተፈረደባት፤ ኩባንያው ግን በወንጀል አልተከሰሰም። ሰውን እጁን አስሮ ያለ ሥራ ሲያስቀምጠው እንደሚያንቀላፋ እያወቀ «ነቅተህ ጠብቅ» የሚል፣ ከጥፋቱ ድርሻ የለውም ለማለት አልደፍርም።

ያ ወጣት ዛሬ ጎልማሳ ሆኗል፤ ያነክሳል። በገበያ ቀን ሲያገኘኝ ባርኔጣውን አንሥቶ «ደኅና አደሩ መምህር?» ይለኛል። ያን ሌሊት አንቀላፍቼ እንደ ነበር እስካሁን አልነገርሁትም።