ጉልምስናና ጀማሪነት

ሰው የዕድሜውን እኩሌታ ሲሻገር በአብዛኛው የሚያውቀውን ይሠራል እንጂ የማያውቀውን ለመማር አይነሣም። ሙያውን ይዟል፤ ጎጆ ቀልሷል፤ ልጆች አፍርቷል፤ በዕድሩ ቃሉ ይደመጣል፤ በሥራ ቦታው ታናናሾቹ ብድግ ብለው ያስቀምጡታል። የኖረበት ዘመን ያስገኘለት ክብር እንደ ጋቢ በትከሻው ላይ ተደርቧል። እንዲህ ያለው ሰው አንድ ቀን ተነሥቶ ሞተር ብስክሌት ገዝቼ መንዳት ልማር ቢል፣ ጉዳዩ ከመጓጓዣ ነገርነት አልፎ የሥነ ምግባር ጥያቄ ይሆናል። ጥያቄውም ይህ ነው፦ ጎልማሳ ሰው አዲስ ነገር ሲጀምር ምንን መጣል፣ ምንንስ አጥብቆ መያዝ ይገባዋል?

ይህ ጥያቄ በደሴና በኮምቦልቻ አካባቢ ተጨባጭ መሠረት አለው። ደሴ በጦሳና በአዝዋ ገደል መካከል፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በ1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በቦርከና ወንዝ አጠገብ ተዘርግታለች። ሁለቱን የሚያገናኘው በሐረጎ ተራራ እየተጠማዘዘ የሚወርደው መንገድ ሲሆን፣ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን የሚያልፍ ብዙ ከባድ መኪና ይመላለስበታል። ከዚህ ዋና መንገድ ወዲያና ወዲህ በደሴ ዙሪያ፣ በቃሉ፣ በኩታበርና በተሁለደሬ ወረዳዎች አውቶቡስ የማይደርስባቸው ቀበሌዎች አሉ። መምህሩ፣ የግብርና ባለሙያውና የጤና ሠራተኛው ወደነዚህ ቀበሌዎች መድረስ አለባቸው። ለእነርሱ ሞተር ብስክሌት ከጌጥነቱ ይልቅ የሥራ መሣሪያነቱ ያመዝናል።

የቀድሞው ኅብረተሰብ ጥያቄውን በራሱ መንገድ ፈትቶት ነበር። ግልቢያ የልጅነት ትምህርት ነበር፤ ልጁ በፈረስ ጀርባ ላይ ይወጣል፣ ይወድቃል፣ አቧራውን አራግፎ ደግሞ ይወጣል። ቢሳቅበትም ሳቁ ከልጅነቱ ጋር አብሮ ያልፋል። ጉልምስና ሲመጣ ፈረሱ ለጦርነትና ለጉግስ ይቀመጣል፤ ለመንገድ ግን እርምጃዋ የረጋ በቅሎ ትጫናለች። ስለዚህም ሽበት ጣል ያደረገበት ሰው ኮርቻ መውጣት ሲማር ማየት ያልተለመደ ነበር። ሞተር ብስክሌት ይህን የዕድሜ ቅደም ተከተል አፋለሰው። እ.ኤ.አ. በ1885 ጎትሊብ ዳይምለር ከቪልሄልም ማይባኽ ጋር የመጀመሪያውን ባለቤንዚን ሞተር ብስክሌት በጀርመን አገር ሲሠራ የ51 ዓመት ጎልማሳ ነበር፤ መንገድ ላይ አውጥቶ የነዳው ግን ወጣቱ ልጁ ፓውል ነው። የጎልማሳው ዕውቀትና የወጣቱ ድፍረት ከመነሻው ተደጋግፈው ነበር ማለት ይቻላል።

ዛሬ ግን ጎልማሳው ራሱ ኮርቻው ላይ መውጣት ግድ ይለዋል። አንድ የአርባ አምስት ዓመት መምህር ይታሰብ። ሜዳ ላይ ቆሞ የሚያስተምረው ከዓመታት በፊት እርሱ ያስተማረው የሃያ ዓመት ወጣት ነው። መምህሩ ፍሪሲዮኑን በድንገት ይለቀዋል፤ ሞተሩ ዘሎ ይጠፋል። ደግሞ ያስነሣዋል፤ ደግሞ ይጠፋል። ዳር ቆመው የሚመለከቱት ልጆች ይስቃሉ። ወጣቱ ሳቁን ውጦ፣ «ቀስ አድርገው ይልቀቁት፣ ጋሼ፤ አይቸኩሉ» ይለዋል። ሃያ ዓመት ሙሉ ጠመኔ ይዞ ሌሎችን ሲያርም የኖረ ሰው በዚህች ቅጽበት ታራሚ ሆኗል። በዚህች ሰዓት የሚከብደው ብረቱ አይደለም፤ ይበልጥ የሚከብደው ይሉኝታው ነው።

ይሉኝታ ግን እንዲሁ የሚናቅ ነገር አይደለም። ሰው ሕግ በማይደርስበት ስፍራ እንኳ ከክፉ ሥራ የሚታቀበው፣ የታመመ የሚጠይቀው፣ የሞተ የሚቀብረው በከፊል በይሉኝታ ኃይል ነው። ጉድለቱ ዓይኑ አንድ ብቻ መሆኑ ነው፤ ነውርንና አለማወቅን ለይቶ አያይም። መስረቅ ያሳፍራል፤ አለመቻልም በእርሱ ሚዛን እኩል ያሳፍራል። አሪስጣጣሊስ እንዳስረዳው ደግሞ ሰው ቤት መሥራትን የሚማረው ቤት በመሥራት ነው፤ በጎነትንም የሚማረው በጎ በመሥራት ነው። ይህ እውነት ከሆነ ማንኛውም ችሎታ ባለችሎታ ከመሆን በፊት ባለማወቅ በሚሠራ ሥራ በኩል ያልፋል። ከዚህ የምትሸሽ ነፍስ ከውርደት የዳነች ቢመስላትም፣ በእውነቱ ከማደግ ነው የሸሸችው።

ለዚህ አበበ ቢቂላ ከሁሉ የሚበልጥ ምስክር ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 በሮም፣ በ1964 ደግሞ በቶኪዮ የማራቶን ባለድል በመሆን በኦሎምፒክ ታሪክ ይህን ውድድር ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። በ1969 በደረሰበት የመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ሆኑ፤ ለሕክምናም ወደ እንግሊዝ አገር፣ ወደ ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ተወሰደ። በ1970 ግን በአካል ጉዳተኞች ውድድር በቀስት ውርወራና በጠረጴዛ ቴኒስ ተሰልፎ ታየ፤ በ1971 በኖርዌይ አገር በበረዶ ላይ በውሾች በሚጎተት ሸርተቴ ተወዳደረ። ዓለም ያጨበጨበለት ሰው በማያውቀው ስፖርት ከጀማሪዎች ተራ ቆሞ መታየትን አልተጠየፈም። በክብሩ ላይ ተቀምጦ መኖር ይችል ነበር፤ ማንም ባልወቀሰው ነበር። እርሱ ግን ከክብሩ ወርዶ መማርን መረጠ፤ በዚህም ክብሩ ከፍ አለ እንጂ አልቀነሰም።

አገሪቱም በጅምላ ይህን ፈተና ያለፈችበት ጊዜ ነበር። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ገበሬውን፣ የቤት እመቤቷንና የቀን ሠራተኛውን ከፊደል ገበታ ፊት አስቀመጠ፤ ትምህርቱም ውሎ አድሮ በ15 ቋንቋዎች ተሰጠ። ሞፈርና ቀንበር ያጠነከረው እጅ እርሳስ ሲይዝ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እጁን ይዞ የሚያስጽፈውም ብዙ ጊዜ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ሊሆን የሚችል ዘማች ነበር። በዚያ ገበታ ፊት የተቀመጠ አዛውንት ሁለት ነገር ተማረ፦ አንደኛው ፊደል ነው፤ ሁለተኛው ከታናሽ መማር ታላቅነትን እንደማይነጥቅ ነው። ምናልባትም ሁለተኛው ትምህርት ከመጀመሪያው ሳይከብደው አልቀረም።

እስከዚህ ድረስ የተባለው አንዱን ወገን ብቻ ያሳያል። ፊደል ሲሳሳት የሚሰረዘው ወረቀት ነው፤ በሞተር ብስክሌት ላይ ግን የስሕተት ዋጋ አጥንት፣ አንዳንዴም ነፍስ ነው። የአበበ ታሪክ ራሱ መንገድ ታላቁንም ታናሹንም እኩል እንደሚቀጣ ያስታውሳል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ነጂ በእያንዳንዷ ሰከንድ 17 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ አደጋ አይቶ እጁ ፍሬን እስኪይዝ ያን ያህል መንገድ አልፏል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን በግጭት ጊዜ የሚያርፍበት ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። የሐረጎን ቁልቁለት የሚወርድ ሰው ዝቅተኛ ማርሽ አስገብቶ ሞተሩ ራሱ እንዲይዝለት ካላደረገ፣ ፍሬኑን ብቻ ሲያሠቃይ ያግለዋል፤ የጋለ ፍሬንም ይከዳል። በክረምት ደሴን ጉም ሲሸፍናት፣ አስፋልቱም ሲረጥብ፣ ከጠመዝማዛው ወዲያ የሚመጣው ከባድ መኪና አይታይም።

ወጣቱ ይህን ሁሉ ቢነገረውም በአካሉ አያውቀውም፤ ቢወድቅ ማን እንደሚጎዳ ገና አልቆጠረም። ጎልማሳው ግን ቆጥሯል። የትምህርት ቤት ክፍያ የሚጠብቁ ልጆች፣ ጉልበታቸው የደከመ ወላጆች፣ ሸክሙን አብራው የተሸከመች ሚስት በኋላው ተቀምጠዋል፤ ኮርቻው ላይ ብቻውን አይወጣም። ስለዚህ የእርሱ ፍርሃት የልብ ድካም ሳይሆን የዕውቀት ፍሬ ነው። አሪስጣጣሊስም ድፍረትን በፈሪነትና በጭፍን ድፍረት መካከል ያኖረዋል እንጂ ፍርሃትን ፈጽሞ ማጣት ነው አይለውም። በጎልማሳ ዕድሜ ደፋር መሆን ማለት ፍርሃትን አባርሮ መሄድ ሳይሆን፣ ፍርሃትን ለጥንቃቄ ሥራ አሰማርቶ መሄድ ነው።

በገሃድ የሚታየው ግን ብዙ ጊዜ የዚህ ተቃራኒ ነው። ሊጣል የሚገባው ይሉኝታ ይያዛል፤ ሊያዝ የሚገባው ጥንቃቄ ይጣላል። ሰዎች እንዳይስቁበት የፈራ ሰው በቂ ሳይለማመድ፣ የመንጃ ፈቃድም ሳያወጣ ወደ አውራ ጎዳና ይወጣል፤ ሜዳ ላይ ደጋግሞ መታየትን አይወድምና። ሄልሜት ማሰር የፈሪ ምልክት መስሎ ይታየዋል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ የሥራ ባልደረባው መጥቶ «እስከ ኮምቦልቻ አድርሰኝ» ሲለው የሚሆነው ነው። ገና ራሱን በቅጡ አልቻለም፤ ነገር ግን «ገና አልለመድሁም» የምትለዋ አንዲት ቃል ከጉሮሮው አትወጣም። እምቢ ማለት አፍሮ ሁለት ነፍስ ይዞ ቁልቁለቱን ይጀምራል። ይሉኝታ ክፉን የሚከለክል መሆኑ ቀርቶ ገዳይ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለው ተረት ለጭቅጭቅ ብቻ የተነገረ አይደለም።

እንግዲህ መግዛቱስ ይገባዋልን? ሞተር ብስክሌቱ የሚገዛው በቤተሰቡ ገንዘብ ነው፤ የሚጫንበት አካልም የቤተሰቡ ተስፋ ያረፈበት አካል ነው። ስለዚህ ውሳኔው የአንድ ሰው ብቻ ሊሆን አይችልም፤ በማዕድ ዙሪያ ተነግሮ፣ ተጠይቆ፣ ተመክሮበት የሚጸድቅ ነው። ቤተሰብ የሚጠይቀው ጥያቄም ቀላል ነው፦ ለምን? የሄደውን ወጣትነት ለማስመለስ የሚገዛ ሰው በከንቱ ይደክማል፤ ሞተር ወደፊት እንጂ ወደ ኋላ አይወስድም። የሥራውን አድማስ ለማስፋት፣ የሚያገለግለውን ሕዝብ ለመድረስ የሚገዛ ሰው ግን የሚደፍርበት ምክንያት አለው። ልጆቹም አባታቸው በአርባ አምስት ዓመቱ ወድቆ ሲነሣ፣ ጠይቆ ሲማር ማየታቸው ከብዙ ምክር የበለጠ ያስተምራቸዋል።

ጀማሪዋ ሴት ስትሆን ደግሞ ሚዛኑ ይከብዳል። ገጠር ለገጠር የምትዞር የጤና ሠራተኛ ሞተር ብስክሌት ልማር ስትል የሚጠብቃት ሳቅ ብቻ አይደለም፤ «ሴት ልጅ ደግሞ…» የሚል ፍርድም አብሮ ይጠብቃታል። ይህ ፍርድ ከመንገዱ ቁልቁለት ጋር አንዳች ዝምድና የለውም፤ ሐረጎ ወንድና ሴት አይለይም። እርሷ የምትጥለው ይሉኝታ ከወንዱ ይልቅ የከበደ ነውና፣ ስትጥለው ለራሷ ብቻ ሳይሆን ከኋላዋ ለሚመጡትም መንገድ ትጠርጋለች።

ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ ወደ አንድ ነጥብ ያመራል። ጎልማሳ ሰው ሁለት ነገር ተሸክሞ ወደ ጀማሪነት ይመጣል፤ አንዱ ክብሩ፣ ሌላው ኃላፊነቱ። ሁለቱ ለረጅም ዘመን አብረው ስለኖሩ አንድ ይመስሉታል፤ የጀማሪነት ጥቅም እነዚህን ለያይቶ ማሳየቱ ነው። ክብሩን ለጊዜው ከመንገዱ ዳር አኑሮ ኃላፊነቱን ብቻ ይዞ የተነሣ ሰው በሰላም ይማራል። ሌሎችን ማስተማር፣ መምራትና ማነጽ ሥራው የሆነ ሰው፣ መምህርም ይሁን የሕዝብ አገልጋይ ወይም የጥበብ ሰው፣ ይህን ትምህርት ከማንም በላይ ይፈልገዋል። ሞተሩ በእጁ ደጋግሞ የጠፋበት መምህር በማግስቱ ክፍል ሲገባ፣ ሒሳቡ ያልገባው ተማሪ ፊት ላይ የሚያየው ስንፍናን ሳይሆን ትናንት ራሱ የቀመሰውን ጭንቀት ይሆናል፤ ያን ጊዜ «ቀስ በል፣ አትቸኩል» ለማለት ድምፁ አይሻክርም።