መልካም አርአያነትና ለሰው መታየት



ጌታችን በተራራው ስብከቱ የሰጠን ሁለት ትእዛዛት እርስ በርሳቸው የሚጋጩ ይመስላሉ። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 መልካም ሥራችን በሰዎች ፊት እንዲታይ ያዝዘናል። ወደ ምዕራፍ 6 ስናልፍ ግን ለመታየት ብለን ጽድቅን እንዳናደርግ ያስጠነቅቀናል፤ ምጽዋታችን በስውር፣ ጸሎታችንም በተዘጋ በር ውስጥ እንዲሆን ይሻል። እንግዲህ «መልካም አርአያ ሁኑ» ተብለን ስንመከር የትኛውን እንከተል?

ቅዱስ አውግስጢኖስ ይህን ጥያቄ አንሥቶ ልዩነቱ በመታየቱ ላይ ሳይሆን ልባችን በሚፈልገው ላይ መሆኑን አስተምሯል፤ ክብሩ ለአብ ነው ወይስ ለእኛ? ይህን መልስ በዘርአ ክህነት ተምረነዋል፤ በፈተናም ጽፈነዋል። የጎደለውን ያስተማረን ግን አንድ ሕፃን ነው።

በአንድ የዐቢይ ጾም እሑድ ስለ ትዕግሥት ሰበክን፤ ስብከታችንም ለራሳችን ደስ ብሎን ነበር። ከቅዳሴ በኋላ ግን ንዋያተ ቅድሳቱን የሚጠብቁትን አረጋዊ፣ የዕጣኑ ፍም በጊዜው ባለመድረሱ፣ ለትምህርት በተሰበሰቡት ልጆች ፊት ክፉኛ ተቆጣናቸው። አረጋዊው አንገታቸውን ደፍተው ወጡ። እኛም ወዲያው ረሳነው።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አንድ ቤተሰብ ልንጎበኝ ሄድን። ልጆቹ በጓሮ ቅዳሴ ይጫወቱ ነበር። ትልቁ የእናቱን ነጠላ እንደ ካባ ደርቦ ባረከ፣ በቆርቆሮ ዐጠነ፣ ሰበከ፤ በመጨረሻም ታናሽ ወንድሙን ጠርቶ ጣቱን እያወዛወዘ ይቆጣው ጀመር። አነጋገሩ የእኛው ነበር። እናቲቱ ደንግጣ ልታስቆመው ስትነሣ «ተዪው» አልናት። ልጁ አላሾፈብንም፤ ቁጣው የቅዳሴው ክፍል መስሎት ነበር።

እነሆ፣ ለመታየት ያዘጋጀነው ስብከቱ ነበር፤ የታየው ግን ሌላ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1992 ዓ.ም. የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ፣ ሌላውን ወደ ክፋት የሚመራ ማሰናከያ በተለይ በማስተማር ኃላፊነት ላይ ካሉት ሲመጣ የከበደ መሆኑን ያስገነዝባል። ይህም ቄሱን ብቻ ሳይሆን ካቴኪስቱንም፣ ወላጆችንም ይመለከታል።

የአገራችንን ታሪክ ስናስብ ቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ፣ አቡነ ያዕቆብ፣ ትዝ ይሉናል። እ.ኤ.አ. በ1839 ዓ.ም. ዐድዋ ደርሰው የሕዝቡን ቋንቋዎችና ግእዝን ተማሩ፤ እንደ አገሩ መነኮሳትም ለበሱ። በ1841 ዓ.ም. ጳጳስ ለማምጣት ወደ ግብፅ ከሚሄዱት መልእክተኞች ጋር ሲጓዙ፣ ከተጓዦቹ አንዱ የጎጃሙ ሊቅ አባ ገብረ ሚካኤል ነበሩ። በመጀመሪያ በጥርጣሬ ነበር የሚመለከቷቸው። ነገር ግን ከድካምና ከሙቀት ጋር በሚታገሉበት በዚያ ረጅም መንገድ ማን መልኩን ሸፍኖ ሊዘልቅ ይችላል? አባ ገብረ ሚካኤል ምሁር ነበሩና መጻሕፍትንም መርምረዋል፤ ሁሉንም ለአርአያነት ብቻ መስጠት ልክ አይደለም። ቢሆንም በ1844 ዓ.ም. የካቶሊክን እምነት የተቀበሉት ያንን ሰው ለወራት በቅርብ ካዩ በኋላ ነው። በ1855 ዓ.ም. በእስር ሳሉ ዐረፉ። ይህን የምናነሣው ከኦርቶዶክስ ወንድሞቻችን ጋር ለመከራከር አይደለም፤ አቡነ ያዕቆብ በዚያ መንገድ ላይ ማን እንደሚመለከታቸው እያሰቡ ይኖሩ እንዳልነበረ ለማስታወስ ነው።

ወደ እኛ ነገር እንመለስ። አረጋዊውን ይቅርታ መጠየቅ እንዳለብን ግልጽ ነበር፤ ግን የት? ልብሰ ተክህኖ በምንለብስበት ክፍል ብቻችንን ብንጠይቃቸው ቀላል ነበር፤ ልጆቹ ግን ያዩት ስድቡን እንጂ ይቅርታውን አይሆንም። በልጆቹ ፊት ብንጠይቃቸውስ «ትሑት ቄስ» ለመባል እንዳይሆን ፈራን። ብዙ ቀን ከራሳችን ጋር ተሟገትን። በመጨረሻ፣ የተዋረዱት በሰው ፊት ነውና ክብራቸውም በሰው ፊት መመለስ አለበት ብለን ወሰንን። ልባችን ያን ጊዜ ንጹሕ ነበር ለማለት ዛሬም አንደፍርም።

በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ልጆቹ ባሉበት ጠርተን ይቅርታ ጠየቅናቸው። አረጋዊው ግራ ተጋብተው ልጆቹን አዩ፣ እኛንም አዩ፤ «ይፍቱኝ አባ» አሉና ጥቂት ቆይተው «ፍሙ ግን ዛሬ በጊዜው ደርሶ ነበር» አሉን።